ስለ አትክልት መሣሪያ አያያዝ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተሰጠ ንግግር)



ከእኔ በፊት የቀረቡት ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ አገር ፍቅር ስለ ተናገሩ፣ እኔ የመረጥሁት ዝቅ ያለ ነገር ነው፤ ይኸውም የዶማና የአካፋ ነገር ነው። አንዳንዶቻችሁ ስትሥቁ አያለሁ፤ ሆኖም እስክጨርስ ታገሡኝ።

የተወለድሁት ከአሸተን ማርያም ግርጌ ነው። ይህች ከላሊበላ ከተማ በላይ፣ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ከዐለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ከንጉሥ ነአኵቶ ለአብ ዘመን ጋር ስሟ ይነሣል። በታች በከተማው ባሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ የጠራቢዎቹ ብረት ያረፈበት ምልክት እስከ ዛሬ ይታያል። እንግዳ ሁሉ ሕንፃውን ያደንቃል፤ እኔ ግን ልጅ ሳለሁ «ያን ሁሉ ብረት ማን ይስለው ነበር?» እያልሁ እጠይቅ ነበር። ድንጋይ የሚመታ ብረት ቶሎ ይዶለዱማል፤ ስለዚህ ከጠራቢው በስተኋላ ከሰል የሚያነድና ወናፍ የሚነፋ ሰው ሳይኖር አይቀርም። የእርሱ ነገር ግን አይወራም። ዐጤ ምኒልክ የእጅ ሠራተኛን መስደብ በአዋጅ ቢከለክሉም «ቀጥቃጭ» የሚለው ቃል እንደ ስድብ ሲነገር በሰፈራችን ሰምቻለሁ። ተሳዳቢውም በማግሥቱ የዶለዶመ ማረሻውን ተሸክሞ ወደዚያው ሰው ደጅ ይወርዳል!

አባቴ ገበሬ ናቸው። ከእርሻ ሲመለሱ ሞፈሩንና ቀንበሩን ዝናብ ከማይደርስበት ከክፈፉ ሥር ያኖራሉ፤ ምራኑን አይጥ እንዳይበላው ከፍ አድርገው ይሰቅላሉ፤ ማረሻውንና ወገሉን ወደ ቤት ያስገባሉ። ማጭዱ ከጣራው ሥር ይሸጎጣል። በጨለማ እንኳ እጃቸውን ሰደድ አድርገው የፈለጉትን ያገኛሉ።

የትምህርት ቤታችን የአትክልት መሣሪያ ግን ከአንድ ክፍል ጥግ ከነጭቃው ይከመር ነበር። ዛቢያው የላላ ዶማ ሲያጋጥመን ውኃ ውስጥ እንነክረው ነበር። እንጨቱ ሲያብጥ ይጠብቃል፤ በደረቀ ጊዜ ግን ከፊተኛው ይልቅ ይላላል። የሚበጀው ሽብልቅ መምታት መሆኑን ያወቅነው አንድ ዶማ በልጆች ራስ ላይ ከበረረ በኋላ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማንንም አልነካም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በሰኔ ወር ድንገት ዝናብ ቢመጣ ዶማዬን ከጎመኑ መደብ ዳር ጥዬ ሮጥሁ። መሣሪያ ሲቈጠር አንድ ጐደለ። የአትክልት ጠባቂው ሽማግሌ ዋጋውን ከደመወዛቸው ከፈሉ። እኔም እያወቅሁ ዝም አልሁ። ክረምቱ አልፎ በመስከረም ሣር ስናጭድ ዶማው ተገኘ፤ ብረቱ በዝገት ተበልቶ፣ ዛቢያው በስብሶ ነበር። ሽማግሌው አገላብጠው አዩትና አንዳች ሳይናገሩ ይዘውት ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ከክፍሌ ልጆች ጋር ሆነን በግድግዳው ላይ ሳንቃ መታን። ለእያንዳንዱ መሣሪያ ሁለት ሁለት ምስማር ተክለን ቅርጹን በከሰል ሣልንበት፤ የጐደለው ምን እንደ ሆነ ባዶው ሥዕል ራሱ ይናገራል። ብረት የሚዝገው አየርና እርጥበት ሲገናኙበት ነው፤ ጭቃ ደግሞ እርጥበቱን ይዞ ያቆያል። ስለዚህ ሥራ ሲያበቃ ጭቃውን በእንጨት ስባሪ እንፍቃለን፣ በደረቅ ጨርቅ እንወለውላለን፣ ጥቂት ቅባ ኑግ እንቀባለን። ሞረድ ወደ ፊት ሲገፋ ብቻ ይበላል፤ ወደ ኋላ እየጐተቱ መሞረድ ጥርሱን ይጨርሰዋል። ይህን ለታናናሾቻችን ደጋግመን ብንነግርም አሁንም ይጐትታሉ።

የዶማውን ዋጋ አጠራቅሜ ባለፈው ሳምንት ለሽማግሌው ወሰድሁ። ነገሩን ስነግራቸው አልተደነቁም። «አውቄ ነበር፤ እስክትመጣ ነው የጠበቅሁት» አሉኝ። ከገንዘቡም እኩሌታውን መልሰው ሞረድ እንድገዛበት አዘዙኝ።

ሞረዱ ከሳንቃው በስተ ቀኝ፣ በመጨረሻው ምስማር ላይ ተሰቅሏል።