ለሦስተኛ ክፍል የገዛነው ባሕር

በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሒሳብ ያዥዋ የቀረበ ንግግር



ሌላ ጊዜ እዚህ ስቆም የዓመቱን ገቢና ወጪ አንብቤ ነው የምቀመጠው። የዘንድሮው ሙሉ ሒሳብ በየወንበራችሁ ላይ ተቀምጧል፤ እሱን ቤታችሁ ገብታችሁ ተመልከቱት። እኔ ዛሬ ከዚያ ውስጥ ስለ አንዲት መስመር ብቻ ልናገር ነው። ከትምህርት ድጋፍ ሥር «ለአንደኛ ደረጃ ክፍል የጨው ውኃ አኳሪየም» የሚለውን ታገኛላችሁ።

ባለፈው ኦገስት እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ ልጆቻችን ከሚማሩበት ትምህርት ቤት አንዲት የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ጥያቄ አቀረበችልን። 900 ዶላር አጸደቅንላት። ብዙዎቻችሁ እንደምታስታውሱት ያን ቀን ክርክር ነበር። አንዲት እናት ተነሥተው «ልጄ፣ የምናዋጣው ለዓሣ ነው ወይስ ለልጅ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ጥሩ መልስ አልነበረኝም። «ባልቲሞር ያለውን ትልቁን አኳሪየም ልጆቹ በዓመት አንዴ ለጥቂት ሰዓት ያዩታል፤ ይኼን ግን በየቀኑ ያዩታል» ብዬ አለፍኩ። ዛሬ የተሻለ መልስ ስላለኝ ነው የቆምኩት። መልሱን ያገኘሁት ግን አጥፍቼ ነው።

መጀመሪያ ምን እንደገዛን ልንገራችሁ። ገንዳው ባለ 20 ጋሎን ነው፤ 75 ሊትር ያህል ይይዛል። ከዚያ ያነሰ ብንገዛ ርካሽ ይሆን ነበር፤ ነገር ግን ትንሽ ውኃ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ቶሎ ይበከላል። ለጀማሪ ከትንሹ ይልቅ ተለቅ ያለው ይቀላል። ውኃው ብቻውን ከ75 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን፣ ድንጋዩና መስተዋቱ ሲጨመርበት ተራ የክፍል ጠረጴዛ አይችለውም። ስለዚህ ለገንዳው ተብሎ የተሠራ ማስቀመጫ ገዛን። ገንዳውና ማስቀመጫው 230 ዶላር፣ ፓምፕ፣ ማሞቂያና መብራት 185፣ ድንጋይና አሸዋ 140፣ ጨው 45፣ የውኃ መመርመሪያና የጨው መለኪያ 75 ዶላር ወጣባቸው። ድምሩ 675 ነው።

የቧንቧ ውኃ እንዲሁ አይሆንም፤ ለእኛ መጠጥ ብለው የሚጨምሩበት ክሎሪን ዓሣ ይገድላል። በአራት ጀሪካን የተጣራ ውኃ ተሸክመን ገባን። ጨውም የወጥ ጨው አይደለም። የባሕር ውኃ ውስጥ ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ሌሎችም ማዕድናት ስላሉ፣ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ጨው አለ። በአንድ ሊትር 35 ግራም ገደማ ይገባል፤ ለጠቅላላው ገንዳ ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ማለት ነው። ልጆቹ መዘኑ፣ በባልዲ አማሰሉ፣ በመለኪያው አዩ። ውኃው 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ እንዲቆይ ማሞቂያው ተስተካከለ። የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹን ከሶኬቱ ዝቅ አድርገን አንጠለጠልናቸው፤ ውኃ ሽቦውን ተከትሎ ቢወርድ መሬት ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። እስከዚህ ድረስ ሁሉም በሥርዓት ሄደ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ዕቃውን የሸጠልን ሰው «ዓሣ ለማስገባት ቢያንስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ጠብቁ» ብሎን ነበር። አስተማሪዋም ይህንኑ ታውቅ ነበር። እኔ ግን ሥራ አስፈጻሚው መጥቶ የሚጎበኝበትን ቀን ቆርጬ ነበር። ለዚሁ ለመጽሔታችን ፎቶ ይነሣል፣ ለጋሾቻችን ያያሉ፣ ባዶ ውኃና ድንጋይ ምን ያሳያል አልኩ። አስተማሪዋን ጎትጉቼ ገንዳው በተሞላ በስምንተኛው ቀን፣ ዓርብ ዕለት፣ ሁለት ክላውንፊሽ አስገባን። ብርቱካናማ ሆነው ነጭ ቀለበት ያላቸው፣ ልጆች ሁሉ ከፊልም የሚያውቋቸው ዓሦች ናቸው። የሁለቱ ዋጋ 60 ዶላር ነበር። ፎቶው በጣም ያምር ነበር።

ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ክፍል ሲገቡ ሁለቱም ሞተዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣ ከሚጥለው ቆሻሻ፣ ከተረፈ ምግብና ከሚበሰብስ ነገር ሁሉ አሞኒያ ይወጣል። አሞኒያ ለዓሣ መርዝ ነው። በድንጋዩና በአሸዋው ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ ናይትራይትም መርዝ ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት ጉዳቱ በጣም ያነሰ ስለሆነ ውኃውን በየጊዜው በመቀየር ይወገዳል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ግን በአንድ ቀን አይበዙም፤ ሳምንታት ያስፈልጋቸዋል። ሰውየው ጠብቁ ያለን እነሱ እስኪበዙ ነበር። ያመጣነው ድንጋይ ላይ በመንገድ የሞቱ ጥቃቅን ነፍሳት ስለነበሩ፣ ዓሦቹ ሳይገቡም ውኃው ውስጥ አሞኒያ ነበረ። ሊጡ ሳይቦካ ምጣድ ላይ እንደማፍሰስ ነው ያደረግኩት።

በዚያው ሳምንት ደረሰኞቼን ይዤ ወደ ክፍሉ ሄድኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያን 60 ዶላር በመዝገቤ ላይ «ልዩ ልዩ ወጪ» ብዬ ጽፌው ነበር። ሒሳብ የሠራችሁ ታውቃላችሁ፤ «ልዩ ልዩ» የሚባለው መስመር ብዙ ነገር ይሸፍናል። ገንዘቡ በትክክል ወጥቷል፣ ደረሰኝ አለው፣ ማንም አይጠይቀኝም ብዬ ነበር።

አስተማሪዋ ገንዳው ከተሞላበት ቀን ጀምሮ ልጆቹን ሁለት ሁለት እያደረገች በየቀኑ ውኃውን ታስመረምራቸው ነበር። አንዲት ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣችና አሳየችኝ። ረቡዕ፣ አሞኒያ 0.25። ሐሙስ፣ 0.5። ዓርብ ጠዋት፣ 1። ሰኞ፣ 2። ከሰኞው ቁጥር አጠገብ በእርሳስ ሁለት ትንንሽ ዓሣ ሥላ፣ ከሥራቸው «ሞቱ» ብላ ጽፋለች። ቀና ብላ «ቁጥሩ እኮ እዚህ ነበር፤ ትልልቆቹ አላያችሁትም?» አለችኝ።

ምን ልበላት? ሥራዬ ቁጥር ማየት ነው። ዓርብ ዕለት ደብተሩ እዚያው ገንዳው ሥር ተቀምጦ ነበር፤ እኔ ግን ፎቶ አንሺውን ነበር የማየው። የስምንት ዓመት ልጅ «ሞቱ» ብላ የጻፈችውን እኔ «ልዩ ልዩ» ብዬ ጽፌዋለሁ። የእሷ መዝገብ ከእኔ መዝገብ ይበልጥ ነበር።

እዚያው ልጆቹ ፊት «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቸኩዬ ነው» አልኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ መስመሩን አረምኩት። «ያለጊዜያቸው የገቡ ሁለት ዓሦች፣ 60 ዶላር፣ ሞተዋል» የሚል ነው አሁን ያለው። ለሥራ አስፈጻሚው ቀርቤ ገንዘቡን ከኪሴ ልተካ ስል አልተቀበሉኝም። «አንቺ ብትከፍዪው ነገሩ እዚህ ያልቃል፤ ይልቅ ለጉባኤው ንገሪው» አሉኝ። ንግግሬ ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ አስተማሪዋ ሥራውን እንደገና ጀመረች። ባዶው ገንዳ ውስጥ በየጊዜው ቁንጥር የዓሣ ምግብ እየጨመሩ ባክቴሪያው እንዲበዛ አደረጉ። 22ቱ ልጆች በግድግዳው ላይ ሦስት መስመር በሦስት ቀለም ይሥሉ ነበር። አሞኒያው ወጣ፣ ወረደ፤ ናይትራይቱ ወጣ፣ ወረደ፤ በመጨረሻ ናይትሬቱ ታየ። አሞኒያና ናይትራይት ሁለቱም ዜሮ ላይ እስኪቆዩ ድረስ ዓሣ አይገባም ተባለ። ወላጅ ሲጠይቃቸው «ገና ነው፣ ቁጥሩ ዜሮ አልሆነም» ይሉ ነበር። በኖቬምበር አጋማሽ ልጆቹ ራሳቸው «አሁን ይቻላል» ብለው ወሰኑ። በሌላ 60 ዶላር ሁለት ክላውንፊሽ፣ በ35 ዶላር ቀንድ አውጣዎችና ሸርጣኖች ገባ። ዓሦቹን በመጡበት ፌስታል ውኃው ላይ አንሳፈው ሙቀቱ እኩል እስኪሆን ጠበቁ፤ ከዚያ የገንዳውን ውኃ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ አለማመዷቸው። ሁለቱም እስከ ዛሬ አሉ።

በዲሴምበር ደግሞ አንድ ወንድ ልጅ ችግር አገኘ። ውኃው ጎድሏል፣ ጨዋማነቱ ግን ጨምሯል። የሚተነው ውኃው ብቻ ነው፤ ጨው ይቀራል። ስለዚህ የተነነውን በጨው ውኃ ሳይሆን በተጣራ ንጹሕ ውኃ ነው የምንተካው። ይህን ስሰማ ለልጆቹ ከእናቴ ቤት አንድ ቁራጭ የአፋር ጨው ወሰድኩላቸው። ዳናኪል ድሮ የቀይ ባሕር ውኃ የሚገባበት እንደነበር፣ ውኃው ከባሕሩ ተቆርጦ ሲተን ጨው እንደቀረ፣ ያም ጨው አሞሌ ተብሎ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል እንደኖረ ነገርኳቸው። የእኛ ልጆች ያን ቁራጭ ይዘው እንዴት ቀና ብለው እንደቆሙ ብታዩ! በነገራችን ላይ ቀይ ባሕር ከብዙ ባሕሮች ይበልጥ ጨዋማ ነው፤ በሊትር 40 ግራም ገደማ አለው። ትነቱ ብዙ ነው፤ የሚገባበት ወንዝ የለም ማለት ይቻላል።

አንድ ነገር ለእናንተ ለሴቶቹ ልጨምር። ክላውንፊሽ ሁሉም ወንድ ሆነው ነው የሚያድጉት፤ ከመካከላቸው ትልቁ ወደ ሴትነት ይለወጥና የቤቱ አለቃ ይሆናል። ሴቷ ከሞተች ተከታዩ ወንድ ሴት ሆኖ ቦታዋን ይይዛል። ማኅበራችንም ተተኪ ታፍራ።

ከ900 ዶላሩ 830 ወጥቷል። የቀረው 70 ለጨውና ለምግብ ተይዟል። አሁን ሁለት ሌሎች ክፍሎች ጠይቀውናል። እንዲጸድቅ የምጠይቀው በሚከተሉት ሁኔታዎች ነው። አንደኛ፣ አስተማሪው ራሱ ፈቃደኛ ይሁን፤ በየሁለት ሳምንቱ ሁለት ጋሎን ውኃ የሚቀየረው ለአንድ ወር ብቻ አይደለም። ሁለተኛ፣ ለዓመቱ ማስኬጃ የሚሆን ገንዘብ ከመነሻው ይመደብ፤ ገዝተን ሰጥተን ዞር አንበል። ሦስተኛ፣ ለዕረፍት ጊዜ ውኃውንና ሙቀቱን የሚያይ ሰው አስቀድሞ ይታወቅ። አራተኛ፣ የጉብኝትና የፎቶ ቀን እኛ አንቁረጥ። የልጆቹ ደብተር ዜሮ ሲል እነሱ ይጥሩን።

«ለዓሣ ነው ወይስ ለልጅ?» ላሉኝ እናቴ ዛሬ መልስ አለኝ። ገንዘቡ የወጣው ያዩትን በትክክል መጻፍና ጊዜውን መጠበቅ ለተማሩ 22 ልጆች ነው። እኔንም ጨምሩኝና 23 እንበል።