ወሬ ሳይሆን ንባብ



በሬዎች አውድማ ላይ እንደሚዞሩ ሁሉ ምድራችን በፀሐይ ዙሪያ በ365 ቀን ትዞራለች። አፖፊስ የሚባል የሰማይ ድንጋይም በ324 ቀን ገደማ ይዞራል። መንገዱ ከኛ መንገድ ጋር ይቀራረባል።

ድንጋዩ የተገኘው በ1996 ዓ.ም. ነው። ወርዱ ከ300 ሜትር ይበልጣል። መጀመሪያ «ሊመታን ይችላል» ተብሎ ተፈርቶ ነበር። ሊቃውንት ግን ደጋግመው ለኩት። በ2013 ዓ.ም. «ለ100 ዓመት አይነካንም» አሉ።

ሚያዝያ 5 ቀን 2021 ዓ.ም.፣ የአቦ ዕለት ሌሊት፣ 32,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆን ያልፋል። ሰማዩ ከጠራ እንደ ኮከብ ሆኖ በዓይን ይታያል።

ያን ዕለት «ሰማይ ሊወድቅ ነው» የሚል ወሬ ቢነሳ አትደንግጡ። ይህን ወረቀት አውጡና ለጎረቤት አንብቡለት።

ደኅና እደሩ።