ከመጠለያ የሚመረጡ አጋዦች

ውድ ተመራቂ የእንስሳት ሐኪሞች፣

በሰፈራችን ውሻ ሲነሳ ቶሎ የሚታወሰን የግቢ ጥበቃና የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እኔ ዛሬ በሥራ ዓለም በአሜሪካ ያየሁትን ሌላ ነገር ላካፍላችሁ እወዳለሁ፤ ባለቤት አጥተው መጠለያ ከገቡ ውሾች መካከል ለአካል ጉዳተኛ አጋዥ የሚሆኑትን ስለ መምረጥ።

እ.ኤ.አ. በ1977 ሮይ ካባት የተባለ የእንስሳት አሠልጣኝ በኦሪገን ግዛት መስማት ለተሳናቸው ሰዎች ውሻ የሚያሠለጥን ድርጅት መሠረተ፤ ውሾቹም ከመጠለያ የሚወሰዱ ነበሩ። የበር ደወል ሲደወል፣ ሕፃን ሲያለቅስ፣ የጭስ ማስጠንቀቂያ ሲጮኽ ውሻው ሄዶ ባለቤቱን በመንካት ያሳውቃል። በ1981 ደግሞ በዋሽንግተን ግዛት፣ ጊግ ሃርበር አጠገብ በሚገኘው የሴቶች ማረሚያ ቤት፣ ታራሚዎች ቤት አልባ ውሾችን ለአካል ጉዳተኞች ማሠልጠን ጀመሩ። ኅብረተሰቡ ያገለላቸው ሁለቱ ተገናኝተው ለሦስተኛ ሰው ድጋፍ ሆኑ።

ይህ ሁሉ የሚጀምረው በትክክል ከማየት ነው። መጠለያ የገባ ውሻ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የጭንቀት ሆርሞኑ፣ ኮርቲዞል፣ ከፍ ይላል። ጥግ ይዞ የሚንቀጠቀጠው፣ ሽቦውን እየቧጨረ የሚጮኸው፣ እውነተኛ ጠባዩን ገና አላሳየም። ስለዚህ ጥሩ መራጭ ቀናት ሰጥቶ፣ ጸጥ ወዳለ ቦታ አውጥቶ ይፈትነዋል። እንግዳ ሰው ሲያይ በራሱ ፈቃድ ይቀርባል? እግሩን፣ ጆሮውን፣ ጅራቱን ሲነኩት ይታገሣል? የተወረወረለትን ዕቃ አንስቶ ይመልሳል? ይህ ጨዋታ ነገ በዊልቸር ለሚሄድ ሰው የወደቀ ቁልፍ ማቀበል ይሆናል። ከኋላው የብረት ሳሕን ሲወድቅ ቢደነግጥ ችግር የለውም፤ ቁም ነገሩ ፈጥኖ መረጋጋቱና ተመልሶ ሳሕኑን ለማሽተት መድፈሩ ነው።

ከዚያ ተራው የሐኪም ነው። የዳሌና የክርን መገጣጠሚያው በራጅ ይታያል፤ ልቡ፣ ዓይኑ፣ ጆሮው ይመረመራል። ጠባዩ ወርቅ ቢሆንም ዳሌው የታመመ ውሻ ሰው እንዲደግፍ ማድረግ በደል ነው፤ ውሻው ይሠቃያል፣ የተማመነበትም ሰው ይወድቃል። ከሚፈተኑት አብዛኞቹ አያልፉም። ያለፈ ሕይወታቸውና ዘራቸው ስለማይታወቅ ብዙ ድርጅቶች የራሳቸውን ውሾች ማራባት ይመርጣሉ፤ ምክንያታቸውም ተገቢ ነው። እኔ ግን መጠለያው ሳይታይ መታለፍ የለበትም እላለሁ። የሚያልፈው ጥቂት ቢሆንም ያ ጥቂት የአንድን ሰው ኑሮ ይለውጣል። ያላለፈውም ቢሆን ጠባዩ በሚገባ ስለተጠና የሚስማማውን ቤት ማግኘት ይቀለዋል።

ውድ ተመራቂዎች፣ ነገ ክትባት ይዛችሁ በየቀበሌው ስትወጡ፣ በየገጠሩ በሬና በግ ስታክሙ፣ ይህን ትዕግሥት ይዛችሁ ሂዱ። ሳትመረምሩ አትፍረዱ፤ ከመረመራችሁ በኋላ ደግሞ እውነቱን ለመናገር አትፍሩ። «ይሆናል» ብላችሁ በፈረማችሁበት ውሻ ላይ አንድ ሰው እምነቱን ይጥላል፤ በቦታው የተነገረ «አይሆንም»ም ሰውንም ውሻንም ከጉዳት ያድናል። ርኅራኄያችሁን ዕውቀት፣ ዕውቀታችሁንም ርኅራኄ አይለየው።