ሿሚው ማን ነው? ሻሪውስ?

 

የዚህ ምረቃ አዘጋጆች «ስለ መንግሥት ሥርዓቶች ልዩነት ንገርልን» ሲሉኝ ዘውዳዊ፣ ፕሬዚዳንታዊ፣ ፓርላሜንታዊ፣ አሐዳዊ፣ ፌዴራላዊ እያልኩ መደርደር ይቀለኝ ነበር። ያን ግን የሲቪክስ መጽሐፋችሁ አድርጎታል፤ ለፈተናም ሸምድዳችሁታል። እኔ ለየትኛውም ሥርዓት የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህን ሹም ማን ሾመው? ሲያጠፋስ ማን ሊሽረው ይችላል? ለመልሱ ሩቅ አገር መሄድ አያሻንም፤ ካለንበት ከመቱ ብዙም ከማትርቀው ከጎሬ እንጀምር።

ራስ ተሰማ ናደው ኢሉባቦርን ሲገዙ መቀመጫቸው ጎሬ ነበረች። ሹመቱ ከአፄ ምኒልክ የተሰጠ ነው፤ በአገሩ ላይ ግን ፈራጁም አስገባሪውም የጦር አዝማቹም እርሳቸው ናቸው። በ1890 ዓ.ም. ጦራቸው ነጭ ዓባይ ድረስ ዘልቋል። ንጉሠ ነገሥቱ ሲታመሙ በ1901 ዓ.ም. የልጅ ኢያሱ እንደራሴ ሆነው የአገሪቱ ትልቁ ሥልጣን በእጃቸው ገባ፤ በ1903 ዓ.ም. አረፉ። ራስ ተሰማን ሊሽር የሚችለው ንጉሠ ነገሥቱ ወይም ሞት ነበር። የአልጌ ገበሬ ቢበደል አቤት የሚለው እዚያው ለበደለው ሹም ነው፤ ከዚያ በላይ ልሂድ ካለ የሳምንታት የእግር መንገድ ይጠብቀዋል።

ከዚያ በፊት ግን እዚሁ ምድር ላይ ሌላ መልስ ነበር። የገዳ ጉባኤ መቀመጫ የሆነውን ኦዳ ዶጊን ለእናንተ ማስተዋወቅ ድፍረት ይሆንብኛል። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን የያዘ ሰው የሚወርድበትን ቀን ከመውጣቱ በፊት ያውቀዋል፦ ስምንት ዓመት። ከዚያ በኋላ ተራው የሌላው ነው። ስምንቱ ዓመት ሳይሞላ ቢያጠፋ ደግሞ ጉባኤው ሊነቅለው ይችላል፤ ቡቂሱ የሚባለው ይህ ነው። ዩኔስኮ ገዳን በ2009 ዓ.ም. ሲመዘግብ ብዙዎቻችን በኩራት አጨበጨብን። ማጨብጨቡ መልካም ነው፤ እኔ ግን ምነው ሕገ መንግሥታችንን ስንጽፍ ከጭብጨባው አስቀድመን ስምንት ዓመቱን በወሰድን ኖሮ እላለሁ። ዛሬ ብዙም ሥልጣን የሌለው ርዕሰ ብሔር ከሁለት ጊዜ በላይ አይመረጥም፤ ሥልጣኑ ሁሉ ያለው ጠቅላይ ሚኒስትር ግን የዘመን ገደብ የለበትም። ገዳም ቢሆን ያለ እንከን አልነበረም። ሴቶች ለሥልጣኑ አይታጩም ነበር፤ ሲንቄ የተባለውን በትር ይዘው የሚወጡ እናቶች ተጣዪን ማስታረቅ፣ በደለኛን ማስቆም ይችሉ ነበር እንጂ ጉባኤውን አይመሩም።

አሁን ወደ 1928 ዓ.ም. ልውሰዳችሁ፤ ስለ ኢሉባቦር ሳስብ ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ ይህ ዘመን ነውና። በሚያዝያ ወር፣ ጣሊያን አገሪቱን ወርራ አፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ ስደት ሲሄዱ፣ የመንግሥቱ መቀመጫ ወደ ጎሬ እንዲዛወር ተወሰነ። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ እዚያ መንግሥት መሠረቱ፤ ራስ እምሩም ከጎጃም አፈግፍገው ደረሱ። ለጥቂት ወራት የኢትዮጵያ መንግሥት የሚባለው ነገር የቀረው በዚያች ዝናባም ከተማ ነበር። ላይ ያለው ዙፋን ባዶ ሲሆን ሥልጣን ወዴት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ በመጽሐፍ ሳይሆን በአካል መጣ፤ መልሱም አንድ አልነበረም። በምዕራብ ያሉ የኦሮሞ ባላባቶች በጎሬው የእንግሊዝ ቆንስል በኩል ለመንግሥታት ማኅበር አመልክተው በሞግዚትነት መያዝን ጠየቁ። በሌላ በኩል የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ወጣቶችና የተማሩ ሲቪሎች ጥቁር አንበሳ የተባለ ማኅበር አቋቁመው ራስ እምሩን መሪያቸው አደረጉ። እነዚህ ልጆች በዕድሜ ከእናንተ ብዙም አይበልጡም ነበር። ጠላት ከኋላቸው፣ ስንቅ የለ፣ ጥይት የለ፤ እነሱ ግን ተቀምጠው አሥር አንቀጽ ያለው ሕግ ጻፉ። የፖለቲካው አመራር ከጦር አዛዡ በላይ ነው አሉ። ገበሬውን ማስጨነቅ፣ ምርኮኛን መግደልና ማሰቃየት ክልክል ነው አሉ። ጠመንጃውን የያዙት ራሳቸው ሆነው ጠመንጃቸውን ከሕግ በታች አዋሉ! ጎሬ በኅዳር 1929 ዓ.ም. በጣሊያን እጅ ገባች፤ በታኅሣሥ ራስ እምሩ ተማረኩ፤ ማኅበሩም ተበተነ። ከሠላሳ ሰባት ዓመት በኋላ ሥልጣን የያዙት የጦር መኮንኖች ያን ሕግ አንብበውት ቢሆን ኖሮ እያልኩ እቆጫለሁ።

ስለ ዘውዱ ሕገ መንግሥታት ብዙ አልቆይም። የ1923ቱን በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የጃፓንን አርአያ ይዘው አረቀቁት፤ ሁለት ምክር ቤት አቆመ፤ አባላቱን ሕዝብ አልመረጣቸውም። የ1948ቱ የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱን በሕዝብ አስመረጠ፤ ከ1949 እስከ 1965 ዓ.ም. አምስት ጊዜ ምርጫ ተደረገ። ፓርቲ ግን አልነበረም፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሾመውም የሚሽረውም ንጉሠ ነገሥቱ ነው። ደርግ መጣ፤ የክፍለ ሀገሩን ርዕሰ ከተማነት ከጎሬ አንስቶ ለመቱ ሰጠ። (የመቱ ሰው ደስ ብሎት ይሆናል፤ የጎሬን ሰው ግን ማንም አልጠየቀውም።) በ1979 የጸደቀው ሕገ መንግሥት 835 አባላት ያሉት ሸንጎ አቋቋመ፤ ሸንጎው በሙሉ የአንድ ፓርቲ ጥላ ሥር ነበር።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በወረቀት ደረጃ ከሁሉም ይበልጣል፤ ይህን ስል ለማሞገስ አይደለም። ሥልጣንን በፌዴራልና በክልል መካከል ከፈለ፤ ለታችኛው እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ ብሎ በአንቀጽ 50 ደነገገ፤ መራጩ በተመራጩ ላይ እምነት ሲያጣ ሊያነሣው እንደሚችል በአንቀጽ 12 ጻፈ። የእኛን ቡና ውሰዱት። ከዛፉ ሥር ሳለ የገበሬው የገቢ ግብር የክልል ነው፤ ወደ ውጭ ሲላክ ቀረጥ የመጣሉ ሥልጣን የፌዴራል ነው። ፍሬው አንድ፣ ባለሥልጣኑ ሁለት፤ ፌዴራሊዝም ማለት ይኸው ነው። ሕገ መንግሥቱ የከፈለውን ግን ገዢው ፓርቲ መልሶ ገጠመው። በ2007ቱ ምርጫ 547ቱም የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች በገዢው ግንባርና በአጋሮቹ እጅ ሲገቡ፣ ክልሉ ፌዴራሉን፣ ምክር ቤቱም አስፈጻሚውን የሚቆጣጠርበት በር በራሱ ተዘጋ።

በወረዳ ምክር ቤት ጉባኤ ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ፤ ወረዳውን አልጠራም። የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል። የበጀቱ ፎቶ ኮፒ የታደለው በዚያው ጠዋት ነው፤ ገና ከማሽኑ እንደወጣ ይሞቃል። አንድ አባት ተነሥተው «የወንዙ ድልድይ ከዓምና ጀምሮ ምን ሆነ?» ብለው ጠየቁ። «በበጀት እጥረት» ተባሉ። እጅ ወጣ፤ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ተባለ፤ ሻይ ቡና ሆነ። በ1994 ዓ.ም. ለወረዳዎች ጥቅል በጀት መስጠት ሲጀመር ትልቅ ተስፋ ነበር፤ ነገር ግን የበዛው ለመምህሩና ለጤና ባለሙያው ደመወዝ ይሄዳል፤ ያ ተገቢ ነው። ለምክር ቤቱ የሚተርፈው የሚወስንበት ሳይሆን እጅ የሚያወጣበት ብቻ ይሆናል።

ትልቁ ውሳኔማ የሚወሰነው ሌላ ቦታ ነው። የያዩን ጫካ አስቡ። ጫካው በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዘገበ፤ የዱር ቡና መገኛ ነውና። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በዚያው በያዩ የድንጋይ ከሰል ተቆፍሮ ማዳበሪያ ይመረታል ተብሎ ሥራው ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ተሰጠ። ቢሊዮኖች ፈሰሱበት፤ ፋብሪካው ሳያልቅ ቀረ። ይጠበቅ የተባለውም፣ ይቆፈር የተባለውም ሩቅ ሆኖ ነው። የያዩ ወረዳ ምክር ቤት ሥራው ሲቆም ጠርቶ የሚጠይቀው ኃላፊ አልነበረውም።

እና እናንተ ተመራቂዎች፤ በአገራችን የወረዳና የቀበሌ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። አብዛኞቻችሁ ያኔ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበራችሁ። የቀበሌያችሁን መታወቂያ ይዛችኋል፤ የቀበሌያችሁን ምክር ቤት ግን አንድም ቀን መርጣችሁ አታውቁም። ለሕዝቡ በጣም ቅርብ የሆነው እርከን ነው በምርጫ ያልታደሰው። ሕንዶች በ1992 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥታቸውን ሲያሻሽሉ ይህን ቀዳዳ ደፈኑት፦ የመንደር ምክር ቤት በየአምስት ዓመቱ ይመረጥ፤ ቢበተን በስድስት ወር ውስጥ አዲስ ይመረጥ፤ ከወንበሩ ቢያንስ ሲሶው የሴቶች ይሁን። ተራዝሟል፣ ሁኔታው አልተመቸም የሚል ሰበብ እንዳይኖር በሕግ አሰሩት። የእኛ ሕገ መንግሥት ስለ ቀበሌ ምርጫ ቀን ዝም ይላል። የሕግ ተመራቂዎች ካላችሁ፣ ለማስተርስ ጥናት ርዕስ ለምትፈልጉ ይኸውላችሁ፤ በነጻ።

ሌሎቻችሁ በሁሩሙ፣ በቡሬ፣ በዳሪሙ፣ በዲዱ የወረዳ ፋይናንስ ወይም ፕላን ጽሕፈት ቤት ትቀጠሩ ይሆናል። ከዚያ ወንበር ሆናችሁ ሕገ መንግሥት አታሻሽሉም። የወረዳውን በጀት ግን መለጠፍ ትችላላችሁ፤ ጉባኤው ከመሰብሰቡ አንድ ሳምንት በፊት፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ገበሬው ለገበያ ሲመጣ በሚያየው ግድግዳ ላይ። ዝናብ ያጥበዋል፣ ልጆች ይቀዱታል፤ ደግማችሁ ለጥፉት። አለቃችሁ «ማን ፈቀደልህ?» ካላችሁ፣ አንቀጽ 12 ንዑስ አንቀጽ 1 በሉት፤ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል።