ተቀባይዋን ለምን ቆረጧት?

(በቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ቀን ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው «ስለ ዲጄ ሥራ ተናገር» ሲሉኝ መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ይህ ቤት በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተጀመረ፣ በ1996 ዩኒቨርሲቲ የተባለ ነው። ግድብና መስኖ በሠሩ ሰዎች ፊት ዲጄ ምን ያወራል? ብቻ እኔም እዚሁ ኤሌክትሪካል የተማርኩ ነኝ። እዚህ የተማርኩትን ሞገድ ለጭፈራ አዋልኩት እንጂ አልጣልኩትም። የገረሴ ልጅ ነኝ፤ ከሐይቆቹ ሙቀት ወጥታችሁ ወደ ጉሙና ወደ እንሰቱ ስትደርሱ ያለችው ገረሴ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላጥራ። በእኛ ሀገር ፕሮዲውሰር ሲባል ለረጅም ጊዜ ገንዘብ አውጥቶ ካሴት የሚያሳትመው የሙዚቃ ቤት ባለቤት ማለት ነበር። ድምፁን የሚሠራውን አቀናባሪ እንለዋለን። ዲጄ ደግሞ ሰርግ ላይ ዘፈን የሚቀያይር ልጅ ነው፤ እራት እንኳን የሚበላው በመጨረሻ ነው። ዛሬ እነዚህ ሦስት ሥራዎች አንድ ሰው ላይ፣ አንድ ላፕቶፕ ውስጥ ገብተዋል። ሮፍናን ኑሪን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አልበም ከማውጣቱ በፊት ለዓመታት ዲጄ ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. «ነጸብራቅ»ን ሲያወጣ የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃን ከሀገር ቤት ዜማ ጋር አገናኝቶ፣ ግጥሙንም ዜማውንም ቅንብሩንም በራሱ ይዞ መጣ። ቀጥሎም ዩኒቨርሳልን ከመሰለ ዓለም አቀፍ ኩባንያ ጋር ተፈራረመ፤ በ2022 «ስድስት» የተባለው አልበሙ ወጣ። ከእሱ በፊት እንደገና ሙሉ ሥራውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብሎ ሰይሞ ነበር፤ ሚካኤል ሰይፉም በ2016 «ዘላለም»ን ውጭ ሀገር አሳትሟል። እነዚህ ሁለቱ በሀገራቸው ሰርግ ቤት እምብዛም አልተሰሙም፤ በእኔ እምነት ግን መንገዱን የጠረጉት እነሱ ናቸው።

ለመሆኑ የዲጄ ሙያ ምንድነው? ቁልፍ መጫን አይደለም፤ መቁጠር ነው። ከውጭ የመጣው የዳንስ ሙዚቃ አብዛኛው በአራት በአራት ይቆጠራል፤ ሃውስ የሚባለው በደቂቃ 120 ምት አካባቢ ነው፣ ትልቁ ከበሮ በእያንዳንዱ ምት ላይ ዱም ይላል። የእኛ ችክችካ ደግሞ በስድስት ይሄዳል። ሁለቱን ዝም ብላችሁ ካጋጠማችኋቸው ሰው እግሩ ይጠፋበታል። ስድስቱን በሦስት በሦስት ከፍላችሁ ሁለት ትልልቅ ምት ካደረጋችሁት፣ ትልቁን ከበሮ እዚያ ላይ ትጥሉታላችሁ፤ ትከሻው በሦስቱ ሲሄድ እግሩ በሁለቱ ይረግጣል። ሲቀላ ውስጥ ሰርግ ስሠራ ይህን ያስተማሩኝ የሙሽራዋ አክስቶች ናቸው። ስስት ዝም ብለው ይቀመጣሉ፣ ሳገኘው ይነሳሉ። ከዚህ የተሻለ ፈተና ክፍል ውስጥም አልገጠመኝም።

ቅኝት ሌላ ጣጣ ነው። ኪቦርድ የተቃኘው ኦክታቩ አሥራ ሁለት እኩል ቦታ ተከፍሎ ነው። የጎረቤቶቻችን የደራሼዎች ፊላ ግን በዚያ መስፈሪያ አይለካም። ፊላ ሲነፋ እያንዳንዱ ሰው ጥቂት ድምፅ ብቻ ይዞ ተራውን ጠብቆ ይጥላል፣ ዜማው የሚወጣው ከሁሉም መሃል ነው። አንዱ ከቀረ ዜማው ቀዳዳ ይሆናል። ኮምፒውተር ላይ አስገብቶ «ልክ ላድርገው» የሚል ልጅ ልኩን ያጠፋዋል። ልክ መደረግ ያለበት ሲንተሳይዘሩ ነው።

የእኛ የጋሞ ደጋ ዘፈንም እንደዚያው ነው። የዶርዜዎችን ብዙ ድምፅ ያለው አዘፋፈን በርናር ሎርታ-ዣኮብ የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ በ1970ዎቹ ቀርፆ በሸክላ አሳትሞታል። ይኸው ወደ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው። እኛ እዚሁ ሥራቸው የተቀመጥነውስ? አስቡት እስቲ።

አሁን ወደመጣሁበት ልግባ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ አንድ ጭፈራ ቤት ቆሜ የገረሴ ሴቶችን ድምፅ በስፒከር ሰማሁ። አራት ሰከንድ የምትሆን ቁራጭ ናት፤ ተደጋግማ ትዞራለች፣ ከሥሯ ከባድ ቤዝ አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሙዚቃው ጥሩ ነበር፤ ቤቱ በሙሉ ተነስቷል። ፈልጌ አገኘሁት። የአቀናባሪው ስም አለ፣ የስቱዲዮው ስም አለ፣ የሴቶቹ ቦታ ላይ «ባህላዊ» ይላል። ስቱዲዮውን ስም አልጠራም፤ ክርክሬ ከአንድ ቤት ጋር አይደለም።

ለዮ መስቀላ ሀገሬ ስገባ ስልኬ ላይ ጭኜ ወሰድኩት። አውጪዋን አውቃታለሁ፣ እናቴ ቡና የምትጠራት ጎረቤታችን ናት። አሰማኋት። ስለ ገንዘብ ትጠይቀኛለች ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ደጋግማ ካዳመጠች በኋላ በጋሞኛ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፦ «ተቀባይዋን ለምን ቆረጧት?»

ልክ ናት። ቁራጯ የአውጪዋን ድምፅ ይዛ ተቀባይዋ ልትገባ ስትል ትመለሳለች። አውጪዋ ትጣራለች፣ ማንም አይመልስላትም፤ እንደገና ትጣራለች። አዲስ አበባ ያለው ሰው ይህን አይሰማውም፤ ዘፈኑን የሚያውቅ ሰው ግን በሩን እያንኳኳ የሚከፍትለት ያጣ ሰው ይመስለዋል። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ሰምቼው ቤዙን ነበር የማደንቀው።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኝ መብት ይሰጣል፤ ያልተቀረፀ ክዋኔውን ለመቅረፅ የእሱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ችግሩ ስም የሌለው ሰው መብቱን በምን ይጠይቃል? «ባህላዊ» የሚለው ቃል ማክበር ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ስም ላለመጻፍ ነው የሚያገለግለው።

በሌላ መንገድ ሊሠራ እንደሚችል የሚያሳይ ነገር አለ። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ሆኖ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አጣምሮ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ ታክሲ ሲነዳ ዓመታት አለፉ። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ዲጄ ካሴቱን ባሕር ዳር ውስጥ አገኘው። ቆርጦ ሊያጫውተው ይችል ነበር፤ ማን ይከሰዋል? እሱ ግን ሰውየውን አፈላልጎ ደወለለት፣ በ2013 ከነስሙ በድጋሚ ታተመ፣ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። ጥሩ ዲጄ ማለት ለእኔ ያ የስልክ ጥሪ ነው።

እኔም ቁራጯን ከነተቀባይዋ እንደገና መቅረፅ ጀምሬአለሁ። ሴቶቹ ተስማምተዋል፤ ሁለት ቅድመ ሁኔታ አስቀምጠዋል። አንደኛው ስማቸው በሙሉ እንዲጻፍ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የለቅሶ ዜማ ለጭፈራ እንዳይውል። ለእያንዳንዷ የራሷ ማይክሮፎን ያስፈልጋል፤ እኔ ያለኝ ሁለት ነው። የኤሌክትሪካል መምህራን እዚህ አላችሁ፣ ላቦራቶሪው ውስጥ ምን እንዳለ ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ። የቋንቋ መምህራንም ቃሉን በትክክል የሚጽፍልን ሰው ስጡን።

ከእናንተ ከቀድሞ ተማሪዎች ደግሞ የምፈልገው ካሴት ነው። በእኛ ጊዜ ለዮ መስቀላ፣ ለሰርግ፣ ለምርቃት የቀረፃችሁት ቤት ውስጥ ይኖራል፤ አቧራውን አታራግፉት፣ እኔ አጸዳዋለሁ። ማን እንደዘፈነ የምታስታውሱ ካላችሁ ስሙን ጽፋችሁ ካሴቱ ላይ ለጥፉልኝ፤ የተቀባዮቹንም ጭምር። ነገ ጠዋት ከቁርስ በኋላ ከአዳራሹ በር ላይ እቀመጣለሁ። ማጫወቻ ይዣለሁ፤ አራት ባትሪ ድንጋይ ብቻ የሚያመጣልኝ ሰው እፈልጋለሁ።