ይህ ግቢ ማታም ይከፈት

ክቡራን እንግዶች፣ መምህራን፣ ወላጆች፣ የዛሬ ተመራቂዎች፤ ስሙን ሁሉ በየማዕረጉ ልጥራ ብል በዚህ የጅቡቲ ሙቀት እናንተም እኔም እንቀልጣለን። ሁላችሁንም በአንድ ሰላምታ አዳርሼ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

የተጠራሁት ስለ ትምህርት ምክር እንድሰጥ ነው። መካሪ ግን አስቀድሞ የት እንደተማረ ይናገር። እኔ የማታ ተማሪ ነኝ። ቀን ድሬዳዋ ውስጥ የአንድ ትራንዚት ቢሮ ተላላኪ ነበርኩ፤ ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ደብተሬን ይዤ፣ ሕፃናት ሲቀመጡበት በዋሉት ወንበር ላይ ጉልበቴን አጣጥፌ እማር ነበር። ኋላ እዚህ ወደብ ላይ እንጀራ የበላሁት በዚያ ትምህርት ነው።

አጠገቤ የሚቀመጠው ሰው የምድር ባቡር ሐዲድ ጠጋኝ ነበር፤ በዕድሜ አባቴ ይሆናል። ሁለታችንም 5ኛ ክፍል ነን። ሴት ልጁም በዚያው ትምህርት ቤት ቀን ቀን 5ኛ ክፍል ትማራለች። ለሁለቱም ያለቻቸው አንዲት የሂሳብ መጽሐፍ ናት፤ እሷ ስትወጣ እሱ ሲገባ በር ላይ ይቀባበሏታል። ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ መልሱን በእርሳስ ዳር ዳሩን ትጽፈዋለች። አባት ደግሞ ኩሩ ነው፤ የልጁን መልስ በወረቀት ሸፍኖ ራሱ ካልሠራ አይሆንለትም። አንድ ማታ መምህሩ ክፍልፋይ እንዲደምር ሰሌዳ ላይ አወጡት። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምሮ፣ ጠመኔውን አራግፎ በኩራት ዞረ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ለካ ቀን እሷን፣ ማታ እኛን የሚያስተምሩት አንድ መምህር ነበሩና ለልጅቷ ሹክ ብለዋታል። በማግስቱ መጽሐፉን ሲገልጥ ዳሩ ላይ «አባዬ፣ ታህቶቹ አይደመሩም፤ መጀመሪያ አመሳስላቸው» የሚል ተጽፎ አገኘ። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ገጹን ወደ እኔ አዙሮ አሳየኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ከዚያ ወዲያ መሸፈኑን ተወው። እሱ ማታ ጥያቄውን ይጽፍላታል፣ እሷ ቀን ትመልስለታለች። በዓመቱ መጨረሻ ልጅት 2ኛ፣ አባት 14ኛ ወጡ፤ ባለቤቱም «ከልጁ ያነሰ ተማሪ ቤቴ አለ» እያለች ሰፈሩን ሁሉ አሳቀችበት። ሰውዬው ግን እስከ 8ኛ ክፍል ዘለቀ፤ ከሐዲዱ ተነሥቶም የጭነት መዝጋቢ ሆነ።

ወደ እናንተ ልመለስ። በትምህርት ጉዳይ ክርክር በዝቷል። በ2014 ዓ.ም. አገር ቤት የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ሲሆኑ፣ ገሚሱ ፈተናውን ገሚሱ ልጆቹን ወቀሰ። እኔ ሁለቱንም አልወቅስም። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተወስዶ ኩረጃው ሲከብድ፣ ዓመታት ተሸፋፍኖ የኖረው ታየ፤ ያ ብቻ ነው። በየትኛው ቋንቋ እንማር የሚለውን ክርክር ደግሞ በአጭሩ ልለፈው፦ ይህ አገር የሚያስተምረው በፈረንሳይኛ ነው። እዚሁ አድጋችሁ ፈረንሳይኛችሁ የቲማቲም ዋጋ ከመከራከር ካላለፈ ጥፋቱ የእናንተ ነው። አትሳቁ፤ ዩኒቨርሲቲው እዚሁ አፍንጫችሁ ሥር ነው።

እኔን ግን እንቅልፍ የሚነሳኝ ዛሬ እዚህ ያልተቀመጠችው ናት። ጠዋት ቁርስ ሠርታ፣ የለበሳችሁትን ጋዋን ተኩሳ የላከቻችሁ የቤት ሠራተኛ ዕድሜዋ ስንት ነው? የብዙዎቻችሁ እኩያ ናት። ከወሎ ወይም ከሐረርጌ ገጠር 4ኛ ክፍል አቋርጣ የመጣች ልጅ፣ የእናንተን የቤት ሥራ አቧራ ስታራግፍ በዓይኗ የምታነብ አለች። የጅቡቲ ሕግ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ6 እስከ 16 ዓመት ያለ ልጅ ሁሉ እንዲማር ያስገድዳል። በታኅሣሥ 2017 እ.ኤ.አ. የኢጋድ አገሮች እዚሁ ከተማ ተሰብስበው ስደተኛ ልጆችን በየአገራቸው የትምህርት ሥርዓት ውስጥ ለማስገባት ቃል ገብተዋል። መልካም ቃል ነው። ነገር ግን 18 ዓመት የሞላት፣ በስደተኛነት ያልተመዘገበች፣ ሰው ቤት የምታድር ሠራተኛ ከሕጉም ከቃሉም ውጭ ናት። ቀን እንዳትማር ሥራ አለባት። ያላት ማታ ብቻ ነው።

ማታ ደግሞ የዚህ ከተማ እውነተኛው ሰዓት ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ሰው ሁሉ ከቤቱ ይወጣል፤ ትምህርት ቤቶቹ ግን በዚያች በምትመቸው ሰዓት ጨለማ ናቸው። አገራችን ኢትዮጵያ ለማታ ትምህርት እንግዳ አይደለችም። በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ «ብርሃንህ ዛሬ ነው» የሚባል የጎልማሶች ትምህርት ቤት ነበራት። ቀን ቢሮ ውሎ ማታ በኤክስቴንሽን የተመረቀ ሠራተኛ በየመሥሪያ ቤቱ ሞልቷል። ደርግን የምወቅስበት ብዙ ነው፤ በ1971 ዓ.ም. የጀመረውንና ኋላ በ15 ቋንቋዎች ያስተማረውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ግን አልነፍገውም። አያቴ ስማቸውን መጻፍ የቻሉት በዚያ ነው።

አባቶች ሆይ፣ ከቀትር በኋላ የት እንደምትውሉ አውቃለሁ። ከምርቃናው ሰዓት ጥቂቱን ቀንሱልን፤ የጫቱም ገንዘብ ጠመኔ ይገዛል። እናቶች፣ «ማታ ከወጣች ትባልጋለች» የሚለውን ሰምቼዋለሁ። ክፍል ገብታ ክፍልፋይ ስትደምር የባለገች ልጅ ግን እስካሁን አልሰማሁም።

የወላጅ ኮሚቴው አባላት ፊት ለፊቴ ተቀምጣችኋል፤ የግቢው ቁልፍም በእጃችሁ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ሁለት ክፍል፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ይከፈትልን። የመጀመሪያውን ዓመት የመብራት ሂሳብ እኔ እከፍላለሁ። ተመራቂዎች፣ ልታስተምሩ የምትፈልጉ ዛሬ ከመውጣታችሁ በፊት ስማችሁን ለጸሐፊዋ አስመዝግቡ። ሠራተኛዋን ለትምህርት አልለቅም የሚል ቤት ካለም ለእኔ ንገሩኝ፤ ራሴ ሄጄ አነጋግራቸዋለሁ።