ቅዳሜ እሳት የማይነድበት ቤት

እሱ፦ እህትዓለም፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሲነሣ መነኮሳቱ ናቸው ፊቴ ድቅን የሚሉት። ለመሆኑ አይሁድ መነኩሴ አላቸው?

እሷ፦ በሌላው ዓለም የለም፤ ማግባትና መውለድ ትእዛዝ ነዋ! የእኛዎቹ አይሁድ፣ ቤተ እስራኤል ግን ነበሯቸው። በ15ኛው መቶ ዘመን አባ ሰብራ እንደ ጀመሩት በትውፊታቸው ይነገራል።

እሱ፦ አጃኢብ ነው!

እሷ፦ ኦሪታቸውም በግእዝ ነው። ካህኑን ቄስ፣ የጸሎት ቤቱን መስጊድ ይሉታል።

እሱ፦ መስጊድ? ወሎዬ ይህን ሰምቶ ፈገግ ሳይል አይቀርም።

እሷ፦ ሥሩ ያው ስግደት አይደል? ሰንበታቸውን ልንገርህ። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወጡ ተሠርቶ፣ ዳቦው ተጋግሮ እሳቱ ይጠፋል። ቅዳሜ ቡና እንኳ አይፈላም።

እሱ፦ እዚህ ላይ እኔ ወደቅሁ! ግን ቅዳሜን ማክበር ለክርስቲያኑም እንግዳ አይደለም፤ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ በ1450 እ.ኤ.አ.፣ ደብረ ምጥማቅ ላይ ቅዳሜም እሑድም እንዲከበሩ ተወስኗል።

እሷ፦ ስግድ የሚባለው በዓላቸውስ? መስከረም 21 አምባሰልን አቋርጦ ግሸን ማርያም የሚወጣውን ሕዝብ አስብ። እነሱም እዚህ ሳሉ አስተስርዮ ከሚሉት የስርየት ቀን በ50ኛው ቀን ጾመው ተራራ ይወጡ ነበር፤ አንዳንዱ ድንጋይ ተሸክሞ። ቄሶቹ ኦሪት ያነቡ፣ ምሕላ ይደረስ ነበር፤ ከዚያ ወርደው አብረው ይበሉ ነበር።

እሱ፦ ጎንደር ውስጥ አምቦበር ነበር ትልቁ ስግድ፤ አሁንስ?

እሷ፦ አብዛኞቹ እስራኤል ገብተዋል። በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ. ብቻ በሁለት ቀን ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወስዷል። ስግድም ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእስራኤል ብሔራዊ በዓል ነው።